ልጄን ሰላምታ ያስተማርኩባቸው ቅዳሜዎች

ልጄን ሰው እንዲስማት ያስለመድኳት በዘቢብ ነው። ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ለማውጣት ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ ልገላገላት። ከመስከረም እስከ ጥር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ሥራ ስትሄድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በነበረችን አፓርታማ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። እኔ እስማታለሁ፣ እሷ ዝም ብላ ትሳማለች፣ ከዚያ አንድ ዘቢብ መዳፏ ላይ አኖርላታለሁ። እሷ አራት ዓመቷ ነበር፤ እኔ ሠላሳ ስምንት። የማደርገውን አላወቅሁም እንዳልል ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም።

እኔን ያሳደጉኝ ታላቅ እህቴ ናቸው። እናታችን ስትሞት እኔ ሰባት ዓመቴ፣ እሳቸው ሃያ ሁለት ነበሩ። እትዬ ነው የምላቸው፤ አንቺ ብያቸው አላውቅም። ወደ አሜሪካ ያመጡኝም እሳቸው ናቸው። እትዬ ቤት ልጅ ብርጭቆ ቢሰብር ይቅር ይባላል፤ እንግዳ ሲገባ ተነስቶ፣ ዞሮ፣ ሁሉንም በየተራ ካልሳመ ግን አለቀለት። «የእግዜር ሰላምታ ትነፍጋለህ?» ይሉኝና ጆሮዬን ይዘው ወደ እንግዳው ይመሩኛል። አድጌ የገባሁበት ሥራም ከዚያው አልወጣም፤ አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ውስጥ ፍሮንት ዴስክ ቆሜ ሰው እቀበላለሁ። ፈረንጆቹ ፈገግታዬን ያመሰግናሉ፤ እትዬ በጆሮዬ በኩል ያስገቡልኝ መሆኑን አያውቁም።

ልጃችን የመጀመሪያችንም የመጨረሻችንም ናት። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት የነበሯት ጥቂት ቃላት አንድ በአንድ ጠፉ። ስሟን ስንጠራት አትዞርም፤ የዘቢብ ፓኬት ስንከፍት ግን ከመኝታ ቤት ሮጣ ትመጣለች። የድስት ክዳኖችን ወለሉ ላይ ከትልቅ ወደ ትንሽ ትደረድራለች፤ አንዱን ካነሳንባት ቤቱ በጩኸት ይናጋል። እናቷ የእኔን ማመንታት ሳትጠብቅ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሙ ወደ ሌላ ባለሙያ ላከን፣ ባለሙያው ረጅም መጠይቅ ሰጠን፣ በመጨረሻ ኦቲዝም የሚል ወረቀት ይዘን ፓርኪንግ ውስጥ መኪናውን ሳናስነሳ ተቀመጥን። ሚስቴ በዚያው ሳምንት መጻሕፍት ተዋሰች፣ አነበበች፣ አሰመረች። እኔ ለዘመድ የምነግረውን ሳሳምር ሰነበትኩ። «አፏ ትንሽ ዘገየ» አልኩ። ዘመድም «አይዞህ፣ አንተም እስከ አራት ዓመትህ አልተናገርክም» አለኝ። ውሸት ነው፤ እትዬ እንደሚሉት እኔ በዓመት ተኩሌ ለፍላፊ ነበርኩ።

እውነቱን ለመናገር፣ አለመናገሯ አላሳፈረኝም። ያሳፈረኝ ሰላምታው ነው። ለፋሲካ እትዬ ቤት ሄደን ሳለ ከውድብሪጅ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገና ከበሩ ስንገባ ብድግ አድርገው ሳሟት። ጢማቸው ጉንጯን ሲነካት ጮኸች፤ ከእጃቸው ወርዳ ግንባሯን ከወለሉ ጋር ታጋጭ ጀመር። ሚስቴ ተደፍታ መዳፏን ከግንባሯ በታች አነጠፈችላት። ሽማግሌው ክፋት በሌለው ድምፅ «ኧረ የዚህ አገር ልጅ! ምነው፣ ሰላምታ እንኳ አላስተማራችኋትም?» አሉ። እትዬ እኔን አዩኝ። የልጄ ግንባር አብጦ ነበር። እኔ ግን ወደ ቤት እስክንመለስ የማስበው እትዬ እንዴት እንዳዩኝ ነበር።

በዚያ ክረምት በሳምንት ሁለት ቀን ቤታችን የምትመጣ ቴራፒስት ጀመርን። ወጣት ናት፤ ጫማዋን አውልቃ ከልጄ ጋር ምንጣፉ ላይ ቁጭ ትላለች። ሐሳቧ ቀላል ነበር። ልጅቷ የምትጮኸው ልትነግረን የፈለገችው ነገር ስላለ ነው፤ እንግዲያው ከጩኸት የቀለለ መንገድ እንስጣት። ትልቁን ነገር ቆራርሳ በትንሽ በትንሹ ታስተምራለች፤ ልጅቷ አንዷን ቁራሽ በቻለች ቁጥር ወዲያው የምትወደውን ትሰጣታለች። እጅ መታጠብን ስምንት ቦታ ከፈለችው፤ ቧንቧውን መክፈት አንድ፣ ማርጠብ ሁለት፣ ሳሙና መንካት ሦስት፣ እያለች። በየቁራሹ አንድ ዘቢብ። በወሩ ልጄ ብቻዋን ሄዳ ታጠበች። በሩ ላይ ቆሜ ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

ከሁሉም የበለጡት ግን ካርዶቹ ነበሩ። በቀለበት የተያያዙ ትንንሽ ሥዕሎች ናቸው፤ የውሃ፣ የዥዋዥዌ፣ የዘቢብ። ልጄ የፈለገችውን ፈልጋ በእጃችን ታኖራለች። አንደኛው ቀይ ነው፤ የተዘረጋ መዳፍ አለበት። አቁሙ ማለት ነው። ቴራፒስቷ ሁለታችንንም አስቀምጣ «ይህን በሰጠቻችሁ ቁጥር፣ ምንም እየሠራችሁ ቢሆን ወዲያው አቁሙ። አንዴ ሠርቶላት አንዴ ካልሠራላት ትተወዋለች» አለችን። ልጄ መጀመሪያ የሰጠችው ለእናቷ ነው፤ ጸጉሯን እየሠራቻት ሳለ። ሚስቴ ማበጠሪያውን ጥላ አለቀሰች። ልጅቷ ያን ቀን ግማሽ ራሷ ተሠርቶ፣ ግማሹ ተንጨባሮ ዋለች። ሚስቴ እንደዚያው ይዛት ወደ መጫወቻው ወረደች፤ ሰው ቢያይ ባያይ ግድ አልሰጣትም። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ የተባለው እንደ እሷ ላለው ሰው ነው። እኔ የሚታጠብ ልብስ አለኝ ብዬ ቤት ቀረሁ።

ከዚያ ሁሉ ትምህርት እኔ የወሰድኩት ሌላ ነገር ነው። እጅ መታጠብ በዘቢብ ከተለመደ ሰላምታ የማይለመድበት ምን ምክንያት አለ አልኩ። ለቴራፒስቷ አልነገርኳትም፤ እንደማትስማማ ልቤ ያውቀዋል። ለሚስቴም አልነገርኳት። ቅዳሜ እሷ የምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ በማለዳ ትገባለች፣ እኔ ሆቴል የምገባው ከሰዓት ነው። ጠዋቱ የእኔና የልጄ ብቻ ነበር።

እንደ ባለሙያዋ ቆራረጥኩት። በመጀመሪያው ቅዳሜ ፊቴን አንድ ክንድ ያህል አቀረብኩላትና ስትታገሰኝ ዘቢብ ሰጠኋት። በሁለተኛው አንድ ስንዝር። ከዚያ ጉንጭ በጉንጭ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ እንደ ወጉ ሦስቴ። ከዚያ የውድብሪጁን ሽማግሌ አሰብኩና ለሁለት ሳምንት ጢሜን ሳልላጭ ቆየሁ። ከዚያ እትዬ የሚቀቡትን ዓይነት ሽቶ ፈልጌ አንገቴ ላይ አርከፈከፍኩ። ሚስቴ «ምነው አክስቷን አክስቷን ሸተትክ?» ብላ ሳቀችብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ተግቼ የሠራሁት ሥራ የለም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ቀዩን ካርድ ሰጠችኝ። እጄ ላይ አኖረችውና ዓይኗን ወደ እኔ አነሳች፤ ያቺ ሰው ዓይን ውስጥ የማታይ ልጅ። ካርዱን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት። «አሁን አይደለም የኔ ቆንጆ» አልኩና ፊቴን አቀረብኩ። በሦስተኛውም ቅዳሜ ሰጠችኝ፣ በሦስተኛውም ኪሴ ገባ። በአራተኛው ገና ሳንጀምር ካርዱን ከቀለበቱ ፈትቼ ፍሪጁ ላይ አስቀመጥኩት፤ እናቷ ሳትመጣ ወደ ቦታው መለስኩት። ከዚያ ወዲያ አልፈለገችውም። ስስማት ዓይኗን ትጨፍንና ትንፋሿን ትይዛለች፤ ስጨርስ ትተነፍስና መዳፏን ትዘረጋለች። ትንፋሿን መያዟን አይቻለሁ። ሳላይ ቀርቼ አይደለም። ግን አልጮኸችም፣ ግንባሯንም አላጋጨችም፤ ለእኔ ይህ ድል ነበር።

በጥር እትዬ ተራቸው ደርሶ ማኅበር ደገሱ። ሳሎኑ ዙሪያውን ወንበር ሞልቶ ከግሪንቤልት፣ ከውድብሪጅ፣ ከዲሲ የመጣ ሰው ተቀምጦ ነበር። ሚስቴ ወጥ ቤት ልታግዝ ገባች። እኔ የልጄን እጅ ይዤ ከበሩ ጀመርኩ። ሃያ ስድስት ሰው ነበር። አንዱ ሦስቴ ይስማታል፣ እኔ ከኮቴ ኪስ ዘቢብ አወጣለሁ፣ ወደሚቀጥለው እናልፋለን። ጢማም አለ፣ ጉንፋን የያዘው አለ፣ ጉንጯን ቆንጥጦ የሚስም አለ። ልጄ አንዱንም አልተቃወመችም። መጨረሻ እትዬ ዘንድ ስንደርስ እልልታቸውን አቀለጡት። «ተመስገን! ዳነች!» አሉ፣ እንባቸው እየወረደ፣ ደረታቸው ላይ ለጥፈዋት። የውድብሪጁ ሽማግሌ «ይኼ ነው አስተዳደግ!» ብለው ትከሻዬን መቱኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህንንም አልደብቅም፤ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

እልልታውን ሰምታ የወጣችው ሚስቴ ሌላውን ሁሉ ትታ ልጅቷን አየች። «ሱሪዋ ርሷል» አለችኝ በጆሮዬ። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ሜሪላንድ ስንመለስ ልጄ ከኋላ ወንበር እጇን ትነክስ ነበር። ቤት ደርሰን ስናየው ደምቷል።

«ምን ሆና ነው?» አለች ሚስቴ።

«ሰው በዝቶባት ነው» አልኩ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቀዩን ካርድ ለማንም አልሰጠችም። ካርዱ ቀለበቱ ላይ አለ፤ ጣቷ ይዘለዋል። ጸጉሯን ሲሠሯት ዝም፣ ጥፍሯን ሲቆርጡላት ዝም፣ የሞቀ ውሃ ሲያቃጥላት እንኳ ዝም። ቴራፒስቷ ወር ሙሉ ከታገለች በኋላ አንድ ቀን ማስታወሻዋን ጭኗ ላይ ዘርግታ «የተለወጠ ነገር አለ? እዚህ ቤት ወይም ሌላ ቦታ?» ብላ ጠየቀችን። ሚስቴ አስባ አስባ «ምንም የለም» አለች። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «ምንም» አልኩ። የወጣቷ ፊት ቀላ። «እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አስቸኩያት ይሆናል። ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው። ይባስ ብዬ ተነስቼ ሻይ አፈላሁላት። ሙቀቱ ሲገባ ሥራ ቀይራ ሄደች፣ ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ እያመነች። የት እንዳለች አላውቅም። ባውቅስ ደፍሬ እነግራት ነበር ወይ? እርግጠኛ አይደለሁም።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ በሦስት ዓመቱ ነቀዘ። ልጄ ሰባት ዓመት ሆኗት፣ አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ይዘናት ስንመለስ ሦስታችንም ኤሌቬተር ውስጥ ገባን። አይተነው የማናውቅ የጥገና ሠራተኛ የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ ቆሟል። በሩ እንደተዘጋ ልጄ እጄን ለቃ ሰውየው ፊት ቆመች። ጉንጯን ወደ ላይ ሰጠችው፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ መዳፏን ዘረጋች። ሰውየው የጨዋ ልጅ ነበር። ሳጥኑን ጥሎ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። «ጌታዬ፣ እኔ ምንም አላደረግኋትም» አለኝ በእንግሊዝኛ። አራተኛ ፎቅ እስክንደርስ ልጄ እንደዚያው ቆማ ጠበቀችው።

ቤት ገብተን በሩ ሲዘጋ ሚስቴ ካፖርቷን ሳታወልቅ «ማነው ይህን ያስተማራት?» አለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። በልቧ የአውቶቡስ ሾፌሩን፣ ጎረቤቱን፣ ያየችውን ወንድ ሁሉ እየቆጠረች እንደሆነ ገባኝ። ፊቷ ላይ ያለውን ፍርሃት እያየሁ አንድ ደቂቃ እንኳ መጨመር አልቻልኩም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ዘቢቡንም፣ ፍሪጁንም፣ ትንፋሿንም ነገርኳት። ትጮሃለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። «ስለዚህ ማንም እንዲነካት አስተማርካት» አለች። «የፈለገ ሰው። በዘቢብ።» ካፖርቷን አውልቃ ሰቀለች። «ያቺን ልጅ ደግሞ ባላጠፋችው ይቅርታ አስጠየቅሃት» አለች፤ ቴራፒስቷን ማለቷ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት የምታናግረኝ ወተት አለቀ፣ ጎማው ተነፈሰ ለማለት ብቻ ነበር። አልፈረድኩባትም።

ሁለተኛዋ ቴራፒስት በዕድሜ የገፋች፣ ቃል የማታባክን ሴት ነበረች። ለእሷ ሁሉንም ነገርኳት። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ ጻፈችና ቀና አለች። «በምክር አይመለስም» አለች። «እምቢታዋ እንደሚሠራ በተግባር ማየት አለባት። ፊቷን ብታዞር፣ ትከሻዋን ብትሰበስብ፣ እምቢ እንዳለች ቁጠሩትና አቁሙ። በየቀኑ፣ ሁላችሁም። ዘመድም ሳይቀር።» ዘመድ ማለት ለእኔ እትዬ ናቸው።

ብቻዬን አሌክሳንድሪያ እትዬ ቤት ሄድኩ። እትዬ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያሹ ሰሙኝ። መጀመሪያ ቱግ አሉ።

«ጉድ እኮ ነው! የወንድሜን ልጅ ለመሳም አፖይንትመንት ልያዝ እንዴ?»

«እትዬ፣ እሷ ናት የማትወደው።»

«ያን ቀን ማኅበሩ ላይ እየዞረች የተሳመችው ማናት ታዲያ? በዓይኔ በብረቱ አይቻት የለም?»

«ትንፋሿን ይዛ ነበር እትዬ። አንዱ ስሞ እስኪጨርስ ትንፋሿን ትይዛለች።»

እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ቆመ። «እኔ ስስማትም?»

«እርስዎም ሲስሟት።»

«አንተ እያየህ?»

«እያየሁ።»

መሬት መሬት እያየሁ ጠበቅሁ። «እኔ ጆሮህን ይዤ ያሳደግሁህ ጨዋ እንድትሆን ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ልጅህ በቃኝ ስትልህ አፏን እንድትዘጋ አልነበረም።» ከዚያ ቀን ወዲያ ልጄን አልሳሟትም። ስንመጣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በሩ ላይ ይቆማሉ፤ እንግዳ ሊያቅፋት ሲዘረጋ «ተው፣ ልጅቷ አትወድም!» ብለው ሽማግሌም ቢሆን ይመልሳሉ። እኔ በአምስት ወር ያበላሸሁት ለእሳቸው በአንድ ቀን ገባቸው። ከዚያ በኋላ ግን እንደ ድሮው አላዩኝም።

ሁለት ዓመት ፈጀ። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ሚስቴ ሥራ ቦታ ኮል አደረገችልኝ። ፊቴ ሻንጣ የያዙ ሁለት እንግዶች ቆመዋል። «ገፋችኝ!» አለች፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየኝም። «ጸጉሯን ስነካት እጄን ገፋችው እኮ! በደንብ አድርጋ!» እንግዶቹን ይቅርታ ጠይቄ ከኋላ ባለው ቢሮ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ገደቡ ተከፈተ። አሥራ ሁለት ሲሆናት ታብሌት እየነካች በማሽን ድምፅ ኖ ትላለች፤ ለአስተማሪዋ ኖ፣ ክትባት ለሚወጋት ኖ፣ ለእትዬ ዶሮ ወጥ ኖ። እትዬ «እምቢ አለችኝ!» ብለው ለጎረቤት በኩራት ያወራሉ።

ይህን ሁሉ እያየሁ ድኛለሁ ብዬ ነበር። አንድ ነገር ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። ልጄ ለሁሉም እምቢ ትላለች፤ ለእኔ ግን አትልም። ከእናቷ እጅ የምትተፋውን መድኃኒት ከእኔ ስትቀበል ትውጠዋለች። እናቷ ስታለብሳት የምትጥለውን ጃኬት እኔ ሳቀርብላት እጇን ትሰድድበታለች። ፊቴን እያየች ታብሌቷ ላይ ኖን ነክታ አታውቅም። ሰው «አባቷን ስትወድ!» ይላል። ሚስቴ ራሷ ሲደክማት «ባክህ አንተ አድርግላት፣ ላንተ እሺ ትላለች» ትልና፣ ያለችውን ሰምታ ዝም ትላለች። ቴራፒስቷ ታገሥ ትለኛለች። እታገሣለሁ፤ መንጋጋ ጥርሷ ባይታመም ኖሮ ስንት ዓመት እንደምታገሥ አላውቅም።

አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። መንጋጋዋን በቡጢ መምታት ጀመረች፤ ጥርሷ መግል ቋጥሯል፣ መነቀል አለበት ተባለ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያገኘናት የጥርስ ሐኪም እንደዚህ ያሉ ልጆችን ታውቃለች፤ አትቸኩልም፣ ሳታሳይ አትነካም። ልጄ ለእሷ ኖ አለች፤ ሐኪሟ ወደ ኋላ አለች። ለረዳቷ ኖ አለች፤ ረዳቷ ወደ ኋላ አለች። እናቷ ስትጠጋ የእናቷን እጅ ገፋች፤ ሚስቴ እጇን አንስታ ፈገግ አለች። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ለውጠን መልሰን መጥተን ነበር፤ ፊቷ ግን እያበጠ ነው። ሐኪሟ ዞራ አየችኝ። «እስኪ አባቷ ይሞክሩ» አለች።

ወንበሩ ጋ ሄጄ ጎንበስ አልኩ። ገና ምንም ሳልናገር ልጄ ታብሌቷን ጭኗ ላይ አኖረች፣ አንገቷን ወደ ኋላ አስደገፈች፣ አፏን ከፈተች።

«አያችሁ? በጣም ታምናቸዋለች» አለች ሐኪሟ ደስ ብሏት። ሚስቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ጆሮዋ ሥር ሆኜ «እምቢ ማለት ትችያለሽ» አልኳት። «ለእኔም እምቢ ማለት ትችያለሽ፣ የኔ ልጅ።»

ድምፄን ስትሰማ አፏን ይበልጥ ከፈተችው።